የኮልፋክሱ ቅጥር ወታደር

ከሊል ሰው የሚያስፈራ ቁመት ይዞ ተወለደ እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚያስፈራ ነገር አድርጎ አያውቅም። መርካቶ በአጎቱ የመጋረጃ ሱቅ ሲሠራ፣ ሴቶቹ ገና ከበሩ ሲያዩት እየደነገጡ ስለሚመለሱ፣ አጎቱ ከጥቅል ጨርቆቹ ኋላ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ተቀምጦ ሲለካ፣ ተቀምጦ ሲቆርጥ፣ ተቀምጦ በዋጋ ሲከራከር ወጣትነቱን ጨረሰ። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ከሰሊማ ጋር ዴንቨር ሲገባ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ታክሲ መንዳት ጀመረ።

አንድ ቀን የጫነው ልጅ ጊታሩን ከኋላ ወንበር ረስቶ ወረደ። ከሊል በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጊታሩን ተሸክሞ ልጁን ካወረደበት በር ሄደ። ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለ፣ መስኮቶቹ በጥቁር ቀለም የተደፈኑ መጠጥ ቤት ነው። በሩ ላይ «ዴድ ፒጅን» ይላል፤ የሞተች እርግብ ማለት ነው። ባለቤቱ ዳግ ጆሮው ላይ መርፌ ቁልፍ የሰካ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ነበር። ጊታሩን ተቀበለና ከሊልን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። ራሱ ዘንድ ለመድረስ አንገቱን ማንጋጠጥ ነበረበት።

«ሥራ ትፈልጋለህ?» አለው።

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«እዚህ በር ላይ መቆም።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመህ ሥራ የሚለው ሰው አገኘ።

ሰሊማ ነገሩን ስትሰማ አልወደደችውም። «ሰው ቤቱን በጥንብ ስም ይጠራል?» አለች። «ደግሞ ኸምር የሚሸጥበት!»

«እኔ አልሸጥም፣ አልቀዳም፣ ብርጭቆም አልነካም። መታወቂያ ነው የማየው።»

«መስጊድ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ሴኩሪቲ ነው በያቸው። አልዋሸሽም።»

ውሸቱ የመጣው ከወዲያኛው ወገን ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሁለት ባንዶች መሣሪያቸውን ሲሞክሩ ተጣሉ፤ ማን ቀድሞ ይጫወት በሚል። አንዱ የማይክ ማቆሚያ ወረወረ። ከሊል ጫጫታውን ሰምቶ ምን ተፈጠረ ብሎ ገባ። ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ዝም ብሎ መካከላቸው ቆመ። ሁሉም ጸጥ አሉ። ከንፈሩን በቀለበት የበሳሳው ዘፋኝ ቀስ ብሎ፣ «አገርህ ምን ነበር የምትሠራው?» አለው።

«መርካቶ» አለ ከሊል።

«መርሰነሪ?»

ከሊል የሰፈሩን ስም አጣሞ የጠራው መሰለው። ፈረንጅ ስም ማጣመሙ አዲስ ነገር አይደለም። «የስ፣ የስ» አለ፤ «ብዙ ዓመት።»

መርሰነሪ በእንግሊዝኛ ለገንዘብ ሲል የሚዋጋ ቅጥር ወታደር መሆኑን ያወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ዳግ ለአንድ እንግዳ «ይህ ሰው በስንት አገር ስንት ሰው እንደገደለ አይናገርም» ሲል ሰምቶ። ወዲያው ሊያስተካክል ሞከረ። «እኔ መጋረጃ ነበር የምሸጠው» አላቸው። በሳቅ ፈነዱ። ዳግ ዓይኑን ጠቀሰውና «አዎ፣ መጋረጃ» አለ፤ ምስጢር እንደሚጋራ ሰው። ከዚያ ወዲያ «መጋረጃ» ያለ ቁጥር የበለጠ እየፈሩት ሄዱ። የፈሩትን ሰው ደግሞ አይሰድቡትም፣ አይገፉትም። ከሊልም ተወው። እነዚህን ሰዎች የማሳመን ግዴታ የለብኝም አለ።

ንቋቸው ነበር። በዚያ በር በቆመባቸው ዓመታት ንቀቱ እየጠነከረ እንጂ እየላላ አልሄደም። ጨርቅ ውስጥ ያደገ ሰው ሱሪ ተቀዶ ሲያይ ያዝናል፤ እነዚህ ግን ከፋብሪካው ተቀዶ የወጣውን ሱሪ ከደህናው አስበልጠው ይገዛሉ። ጃኬቱ ላይ «ሀብታም ይውደም» ያጻፈውን ልጅ፣ እናቱ ከቼሪ ሂልስ በመርሴዲስ አምጥታ በሩ ላይ ታወርደውና ጉንጩን ስማው ትሄዳለች። ዳግ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ «እኛ የጎዳና ልጆች!» ብሎ ሲጮኽ፣ አባቱ ሌክውድ ውስጥ ስመ ጥር የጥርስ ሐኪም መሆኑን፣ መጠጥ ቤቱንም የገዙለት እሳቸው መሆናቸውን ከሊል ያውቃል። አዛውንቱ አንዳንዴ በቀን ብቅ ይሉና የልጃቸውን ድድ ያዩ ነበር።

አንድ ጊዜ አሮጌው ሶፋ ተሰብሮ ዳግ አዲስ ሶፋ አስመጣ። ከሊል ገና ላስቲኩን ገፎ ሳይጨርስ፣ ዳግ ካርቶን መቅደጃ ቢላዋውን አውጥቶ እዚህም እዚያም ዘነጠለው። ስፖንጁን በጣቱ ጎልጉሎ አወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ከሊል።

«ካራክተር፣ የራሱ ጠባይ እንዲኖረው ነው።»

ሽንት ቤቱም እንዲሁ። በሩ አይዘጋም፣ ግድግዳው በስቲከርና በስድብ ተለብጧል፣ ወለሉ ላይ ያለው ነገር ባይነሣ ይሻላል። ከከተማው የመጡ ተቆጣጣሪዎች ካልታደሰ ይታሸጋል ብለው አስገደዱና ታደሰ። ደንበኞቹ አዲሱን ነጭ ሸክላ አይተው ከበሩ ተመለሱ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች «ነፍሱን አጣ» አለችው። ሽንት ቤት ነፍስ እንዳለው ከሊል የሰማው ያን ቀን ነው።

ሙዚቃውንማ፣ ፓንክ የሚሉትን የእምቢተኞች ጩኸት፣ ቆርቆሮ ቤት በዶዘር ሲፈርስ የሚሰማው ድምፅ ነው ይል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከኮሜርስ ሲቲ ባልና ሚስት መጡ፤ ባልየው መጋዘን ውስጥ ሁለት ጣቱን ማሽን የበላበት ጎልማሳ፣ ሚስቱ ከበሮ መቺ። ልብሳቸው ከሥራ የመጡበት ነው፤ የተቀደደውም በሥራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከአስተናጋጇ በቀር ሰው አልነበረም። ከሊል ቃሉ ሁሉ ባይገባውም በሩን ትቶ ገባና ግድግዳ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ያ ሰው አልዘፈነም፤ ከሰሰ። ሲጨርሱ ከሊል ብቻውን አጨበጨበ። ዳግ «አይሸጡም» ብሎ ሁለተኛ አልጠራቸውም።

ከዚያ የከተማው መጽሔት ስለ ዴድ ፒጅን ጻፈ፤ «ሌጀንደሪ»፣ ታሪካዊና ገናና፣ አለው። ከዚህ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ሆነ። ደርሰው የማያውቁ ሰዎች መጥተው የሽንት ቤቱን በር ፎቶ ያነሣሉ። ሆዳቸው የገፋ የቤት ደላሎች ልጆቻቸውን ይዘው በቀን ይመጡና «አባትህ እዚህ ጥርሱን ሰብሯል» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ኩባንያ ቤቱን ሊገዛ ተስማማ። ኩባንያው የላካት አሽሊ የምትባል ሴት፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬቷ ገና ከሱቅ የወጣበት ሽታ ያለው፣ ዙሪያውን አየችና «ታሪካችሁን ውጪ ግድግዳው ላይ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

ከሊል ለሳምንት ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ መኪናውን ከኋላ ፓርክ አድርጎ ጥጉን ዞረ፤ ከራሱ ጋር ተፋጠጠ። ከጣሪያ እስከ መሬት እሱ ነው የተሳለው። ደረቱ ራቁቱን፣ ትከሻው ላይ የጥይት ዝናር፣ በእጁ መትረየስ፣ ጉንጩ ላይ የሌለው ጠባሳ፣ ከእግሩ ሥር አንበሳ። ከላይ በትልቁ «መርሰነሪው» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከታች ደግሞ በራሱ ፊደል «ኢትዮያጵ» ይላል።

«እንዴት ነው?» አለ ዳግ ከጎኑ መጥቶ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ገና ለቅዳሜ ነው የምንመርቀው። እስከዚያ በሸራ ይሸፈናል።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ሰርፕራይዝ ነዋ!»

ሸራው ከመሸፈኑ በፊት መንገደኛ ያነሣው ፎቶ በየስልኩ ተሠራጭቶ ነበር። ማታውኑ ልጁ ሰሀር፣ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ስልኳን ዘረጋችለት። «ባባ፣ ኢዝ ዚስ ዩ? ለምንድነው ሸርት የሌለህ?»

ሰሊማ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ እንኳ እንዲህ ሆነህ አይቼህ አላውቅም» አለችና መልሳ ሰጠቻት። መስጊድ በር ላይ ወጣቶቹ በወታደር ሰላምታ ተቀበሉት። ከሊል ለእነሱም ንቀት አላነሰውም፤ ትናንት «ያ የመጠጥ ቤት ዘበኛ» ሲሉት የነበሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ እንደለመደው ሊያልፈው ይችል ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ግን ፒዮሪያ ስትሪት ያለው የአፓርታማው በር ተንኳኳ። ሲከፍት ሽበታም፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ሰውዬ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፤ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል።

«ከሊል ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ። ይግቡ።»

ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰሊማ ሻይ ብታቀርብም አልነኩም። «ሃምሳ አለቃ ደምሰው እባላለሁ» አሉ። «ወዲያ ማዶ ካለው ሕንፃ ነኝ። ሥዕልህን የጎረቤት ልጆች አሳዩኝ። የትኛው ክፍለ ጦር ነበርክ?»

ከሊል ወደ ሰሊማ ዞረ።

«አትፍራ፣ ልወቅስህ አይደለም» ብለው ቀጠሉ። «ቢንያም የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱትና ሰሜን ሄደ። እኔ ሌላ ግንባር ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያለኝም፣ አለ ያለኝም ሰው የለም። ዕድሜህ የእሱ ነው። አንተን የሚያህል ሰው ደግሞ ከሰልፍ መሐል ሆኖ ብዙ ፊት ያያል ብዬ ነው። በግራው ነው የሚጽፈው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።» ይህን ሲሉ የገዛ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ሰሊማ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ባሏን ታየዋለች።

«ጋሼ» አለ ከሊል፤ «እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ጥይት የታጠቀውስ?»

«ውሸት ነው። እነሱ የፈጠሩት ነው። እኔ ያን ጊዜ መርካቶ መጋረጃ እሸጥ ነበር።»

«መጋረጃ» አሉ ሰውዬው። ቃሉን የማያውቁት ይመስል ደጋግመው አሰቡት። «ውሸት መሆኑን እያወቅህ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ከሊል ንቄያቸው ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ እዚያ ሶፋ ጫፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚነገር ነገር አልመሰለውም። ሰውዬው ተነሡ። ከበሩ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «እኔ ደግሞ ሸሚዜን አስተኩሼ ነው የመጣሁት» አሉና ወጡ።

ከሊል ያን ቀን ዴድ ፒጅን ሄዶ ዳግን ቢሮው አገኘው፤ አሽሊም አለች። «ሥዕሉን አጥፉት» አለ።

ዳግ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሰው ሐውልት እንዲቆምለት ይሞታል፤ አንተ በቁምህ አግኝተህ አጥፉ ትላለህ?»

«ውሸት ነው። ሰው ወንድሙን ሊጠይቀኝ መጣ። እውነተኛ ወታደር፣ እውነተኛ ወንድም።»

አሽሊ በሐዘን አንገቷን ደፋች። «በጣም የሚነካ ነው» አለች፤ «ይህን ታሪክ ልንጠቀምበት እንችላለን?»

ከሊል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የንቀቱ ጥግ ላይ የደረሰ ይመስለው ነበር። ጥግ እንደሌለው ያወቀው ያኔ ነው። መልስ ሳይሰጣት ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጓደኛው ወደ አብዱልወሃብ ሄደ። አብዱልወሃብ ፒዮሪያ ላይ የምንጣፍና የመጋረጃ ሱቅ አለው፤ የጭነት መኪናም አለው። ከአንድ የቀለም መደብር ነጭ ቀለም በባልዲ፣ ሮለርና ረጅም እጀታ ገዙ።

«መሰላል ልጫን?» አለ አብዱልወሃብ።

«ለማን?»

አብዱልወሃብ ሽቅብ አየውና ተወው።

እኩለ ቀን ላይ ኮልፋክስ ሲደርሱ እግረኛ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ፀጉራቸውን አረንጓዴ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ጆሮ መከላከያ የታሰረላቸው ሕፃናት፣ ውሻ የያዙ ሰዎች። ዳግ ማይክ ይዞ ሣጥን ላይ ቆሟል። «ይህ ቤት ዋሽቶ አያውቅም!» እያለ ነው። ገመዱን ሳበው፤ ሸራው ወደቀ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ከሊል ባልዲውን አንጠልጥሎ በመሐላቸው አለፈ። እንደ ልማዳቸው መንገድ ለቀቁለት።

ሮለሩን ነክሮ መጀመሪያ መትረየሱን ደመሰሰ። ቀጥሎ ዝናሩን። ዳግ ቀልቶ ከሣጥኑ ወረደና «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ክንዱን ያዘው። ከሊል ክንዱን ሳያስለቅቅ መቀባቱን ቀጠለ፤ ዳግ ከሮለሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ አለ። ጠባሳው ጠፋ። ሙሉ ፊቱም ጠፋ። አንበሳው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው «የስ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም ያጨበጭቡ ጀመር። አንዲት ሴት «በዘመኔ ካየሁት ሁሉ ፓንክ ማለት ይሄ ነው!» እያለች ታለቅሳለች። ስልኮች ተቀስረዋል።

አሽሊ ወደ ዳግ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ሹክ አለችው። የዳግ ፊት በአንድ ጊዜ በራ። ማይኩን አፈፍ አደረገ። «ወዳጆቼ! መርሰነሪው የራሱን ሐውልት አፈረሰ!»

ከሊል ማይኩን ነጠቀው። «ስሙኝ! መርሰነሪ አይደለሁም! ማንንም አልገደልኩም! መርካቶ የሚባል ገበያ አለ፣ እዚያ ከርተንስ ነበር የምሸጠው! ከርተንስ!»

ከዚያ ከመሐል አንድ ቀጭን ድምፅ «ከርተንስ!» አለ። «ከርተንስ! ከርተንስ!» አለ መንገዱ በሙሉ፣ እጁን ጨብጦ እያነሣ። አንድ ጊታሪስት ማጉያውን ከፍቶ ያጅባቸው ጀመር።

አብዱልወሃብ ባልዲውን እንደያዘ፣ «ምን እያሉ ነው?» አለ።

«መጋረጃ እያሉ ነው።»

«ለምን?»

«አላህ ይወቅ። መኪናህን አስነሣና እንሂድ።»

ያ ቀን በዴድ ፒጅን የመጨረሻው ሆነ። ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ሲያይ ነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሡ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ነጩን ግድግዳ በመስተዋት ከልሎ ከጎኑ «የመርሰነሪው የመጨረሻ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። መጽሔቱ ሁለት ገጽ ሰጠው። «እኔ መጋረጃ ሸጬ ነበር» የሚል ቲሸርት ታተመ። ሰሀር አንዱን ለብሳ ስትመጣ ሰሊማ በሩ ላይ አስወለቀቻት።

ከሊል አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። ማዶ ካለው ሕንፃ ሄዶ የሃምሳ አለቃ ደምሰውን በር አንኳኳ። የቤት ልብስ ለብሰው ከፈቱለት።

«ሥዕሉን አጥፍቼዋለሁ ጋሼ።»

«ሰማሁ። ጨፈሩ አሉ።»

«ጨፈሩ።»

«ግባ» አሉት። ከሊል ገባ። ለምን ዝም አልክ የሚለውን አሁንም መመለስ አልቻለም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቁትም። «ስለ ቢንያም ይንገሩኝ» አለ። ሰውዬው መጀመሪያ አመነቱ፤ ለወታደሮች እንጂ ለሌላ ሰው አውርተውት አያውቁም። ከዚያ ጀመሩ፤ ፀሐይ ከመስኮቱ እስክትወርድ ድረስ አወሩ። ከሊል አንዲትም ነገር አልጨመረም። ሲወጣ «እስከ ዛሬ የጠየቅኋቸው ሁሉ አውቀዋለሁ የሚመስል ነገር ይሉኝ ነበር» አሉት። «ሊያስደስቱኝ ነው። አንተ ግን አላውቀውም አልክ።»

አሁን ከሊል ከአብዱልወሃብ ጋር ነው የሚሠራው። ሴቶቹ አይፈሩትም፤ መጋረጃ ሲሰቅሉ ከፍ ያለውን ሐዲድ እንዲይዝላቸው ቤታቸው ድረስ ይወስዱታል። ባለፈው ሰሞን አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ያንን ቲሸርት የለበሱ፣ ከሱቁ ገቡ። ሴትየዋ አፏን ከፍታ አየችው። «ለካ እውነት ነው!» አለች። «እውነት መጋረጃ ትሸጣለህ!»

«መስኮታችሁ ስፋቱ ስንት ነው?» አለ ከሊል።

ተያዩ። መጋረጃ እንደሌላቸው፣ መስኮታቸው ላይ የባንድ ባንዲራ ሰቅለው እንደሚተኙ ተናዘዙ። ከሊል ወፍራሙን፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ጨርቅ ዘርግቶ ቆረጠላቸው። ወንዱ ማርከር አውጥቶ ጨርቁ ጥግ ላይ እንዲፈርምለት ለመነው።

«ጨርቅ ላይ አይጻፍም» አለና አጥፎ በላስቲክ አስገባላቸው። «ከመስቀላችሁ በፊት ተኩሱት።»